ያልጮኸው አምባር

ሰኞ ማታ

ዛሬ ተሻርኩ። ጩኸት የለ፣ ቁጣ የለ፣ በፈገግታ ተሻርኩ። የሻረኝ አለቃዬ፣ የታናሽ እህቴ ባል ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለማያውቅ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጨዋው» ይለዋል። እኔም በዚህ ደብተር ጨዋው እለዋለሁ፤ ስሙን ብጽፈው እጄን መታጠብ ይኖርብኛል።

ነገሩ ገና ትኩስ እያለ ልጻፈው። የምንሠራው እጅ አንጓ ላይ ታስሮ የልብ ምት የሚከታተል አምባር ነው። ልብ ትርታ ሲስት ወይም ያለ ምክንያት ሲሮጥ አምባሩ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ደንግጦ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ይተርፋል። የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ ስለነበርኩ ደወሉ መቼ መጮህ እንዳለበት የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ቶሎ እንዲጮህ አደረግሁት። ጨዋው ግን «ለሙከራ የወሰዱት ሰዎች በትንሽ በትልቁ እየጮኸ ሰላም ነሳን እያሉ መለሱት» ብሎ ደወሉን ሊያደነቁረው ተነሣ። ሰው ሊወድቅ ሲል ብቻ ይጩህ አለ። «ያኔ ለማን ነው የሚጮኸው? ለቀባሪ?» አልኩት፣ በስብሰባ መሀል። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። በለውጡ ላይ አልፈርምም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ መጣ። አምባሩ በእንግዶች ፊት ከሚመረቅበት ቀን በፊት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አምባሩን አጥልቆ መፈተን ስላለበት የሱንና የኔን በየስማችን እያስመዘገብኩ ነበር። ሁለቱ አምባሮች ፊቴ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ መንታ ናቸው። እሱ ቆሞ ያወራል፣ እኔ ቁጥር እየጻፍኩ እሰማለሁ። «ከነገ ጀምሮ ወደ ክትትል ክፍሉ ቢዛወሩ፣ ለእርስዎም ዕረፍት ይሆንዎታል» አለኝ።

እርስዎ! ትናንት ቤታችን ቁጭ ብሎ «እትዬ፣ ጨው አቀብይኝ» ሲለኝ የነበረ ሰው በሻረኝ ደቂቃ አንቱ አደረገኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባሁት እኔ። ከእህቴ ጋር ያስተዋወቅሁት እኔ። ጣቶቼ እየተንቀጠቀጡ ምዝገባውን ጨረስኩ፣ የሱን ሰጠሁት፣ የኔን አጠለቅሁ፣ «እሺ» አልኩ። እንባዬን አላሳየሁትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህችን ጽፌ እተኛለሁ። የምተኛ ከሆነ።

ማክሰኞ

አዲሷ ክፍሌ ከመጋዘኑ ጎን ናት። ካርቶን ካርቶን ትሸታለች። መስኮቷ ሲከፈት ግድግዳ ነው። አንድ ስክሪን፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩም አንካሳ።

ስክሪኑ ላይ የሁሉም ሰው ስም ከነልቡ መስመር ተደርድሯል። ቀይ ነጥብ ሲበራ ለሐኪማችን መናገር ነው ሥራዬ። ተራ ነገር ከሆነ «ታይቷል» የሚለውን እጫናለሁ፣ ነጥቡ ይጠፋል። አምባሩ ራሱ ለባለቤቱ ምንም አያሳይም፤ ሰው የገዛ ልቡን እያየ እንዳይጨነቅ ፊቱን ባዶ አድርገነዋል። የሁሉንም የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

መጸዳጃ ቤት በር ዘግቼ ሳለሁ ሁለት የሽያጭ ሴቶች እጃቸውን እየታጠቡ ሲያወሩ ሰማሁ።

«የሚስቱ እህት ባትሆን ኖሮ ያባርራት ነበር።»

«ጨዋ ስለሆነ ነው እንጂ።»

ጨዋ። ቆይ ብቻ።

ሐሙስ

ቀይ ነጥብ! በማን ስም? በጨዋው ስም!

ደጋግሜ አየሁት። ልቡ ይሮጣል፣ ትርታ ይስታል፣ ቆም ይልና እንደገና ይሮጣል። ማታ ማታ ይብስበታል፤ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት የሱ መስመር መቆሚያ የለውም። ያ ለስላሳ ድምፅ፣ ያ ፈገግታ፣ ውስጡ እንዲህ ነው ለካ! ሕሊናው ነው የሚገርፈው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደወሉ እኔ እንዳደረግሁት ቢሆን ኖሮ አሁን አንጓው ላይ ይጮህለት ነበር። ራሱ አደነቆረው፣ ራሱ ሳይሰማ ቀረ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ የትኛው ዳኛ ይፈርዳል?

ለሐኪሟ መንገር አለብኝ። አውቃለሁ። ነገ እነግራታለሁ። ለዛሬ «ታይቷል» ላይ ተጫንኩ።

ዓርብ

አልነገርኳትም። ስልኳን ስፈልግ ጊዜ ሄደ። ቁጥሯ በሩ ላይ ተለጥፏል።

ቅዳሜ ማታ

እናታችን ከኔ ጋር ስለምትኖር እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ስለ ባሏ ባታወራ ብዬ ተመኘሁ፤ ከሱ በቀር ሌላ አላወራችም።

«እንቅልፉ እኮ አይጣል ነው እትዬ! ጋደም ካለ በቃ ድንጋይ ነው። ጆሮው ሥር ድስት ቢያንኳኩ አይሰማም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ብድግ ይልና ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ ይወርዳል። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት፣ በማንኮራፋቱ!»

እናቴ ሳቀች። እኔ ሻዬን አማሰልኩ፤ ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

ትዋሻለች። ሚስት ስለሆነች ገመናውን መሸፈኗ ነው፣ አልፈርድባትም። የሱን ሌሊት የማውቀው እኔ ነኝ። አጠገቡ ተኝታ የማታውቀውን መጋዘን ጎን ተቀምጬ አውቀዋለሁ። ስትስቅ ጉንጯ ላይ የምትሠራውን ጎድጓዳ ሳይ ግን ትንሽ አሳዘነችኝ። ትንሽ ሆና ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ነበርኩ። አንዱ ጉንጉን ሁልጊዜ ይፈታባት ነበር።

ከሄደች በኋላ ተቀምጬ አሰብኩት። ሲወድቅ። የት ይወድቃል? ቤቱ ባይሆን ይሻላል፣ እህቴ ትደነግጣለች። መሥሪያ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያን ፈገግታውን እንደለበሰ። ወድቆ ቀና ብሎ የሚያየው እኔን ቢሆን። «ምነው አምባርዎ አልጮኸም?» ብለው። አንቱ ብለው። አይሞትም፣ አልጋ ላይ ይውላል እንጂ። እሱን እንኳ ቢቀምሰው። ይህን ሳስብ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም፤ ደብተር የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ሰኞ

ሐኪሟ መጣች። በሳምንት አንዴ ትመጣለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት።

«ቀይ አለ?»

«የለም።»

«እሰይ።»

በቃ ይኸው ነው። እውነትም የለም፤ አጥፍቼዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስትወጣ በሩ ላይ ዘወር አለችና «አንቺ ግን ፊትሽ ተጎሳቁሏል፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ?» አለችኝ። እንደ ሕፃን አልኳት።

ረቡዕ ማታ

ጨዋው ሁላችንንም ለስብሰባ ጠራ። ለኔ የተረፈኝ በሩ ሥር ያለው ወንበር ነበር፣ ሰው በገባ ቁጥር ጉልበቴን የሚገጨኝ። አዲሱን የሙከራ ክፍል ኃላፊ አስነሥቶ «ደወሉን ወደ ልኩ በመመለስ ትልቅ ሥራ ሠርቷል» ብሎ አስጨበጨበለት።

ወደ ልኩ!

አጨበጨብኩ። ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ። ደሜ ፈላ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ዓሣ ተገለበጠ፤ ትንፋሽ አጠረኝና የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። ንዴት ነው። ንዴት ሰው ቢገድል ኖሮ እኔ ድሮ ሞቼ ነበር።

ከዚያ ክፍሌ ገብቼ የሱን መስመር ከፈትኩ። የማየውን ማመን አቃተኝ። ያንኑ ሰዓት! ልክ ጭብጨባው ላይ ልቡ ዘሏል፣ ስቷል፣ ቀይ በርቷል! ፊት ለፊታችን ቆሞ ግን እየሳቀ ነበር። በዳይ የተበዳዩን ሕመም ይቀምሳል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት። እኔን ያቃጠለኝ እሳት እሱን ይለበልበዋል። ፈጣሪ አይተኛም።

ታይቷል።

ዓርብ

የራሴን መስመር አይቼው አላውቅም ነበር። የሱን እያየሁ የራሴን ረስቼ። ዛሬ ሥራ ሲቀለኝ ከፈትኩት። እንዴት ያምራል! ሌሊቱን ጸጥ፣ ቀኑን ለስለስ፣ አንድ ቀይ የለበትም። ማንንም ያልበደለ ሰው ልብ እንዲህ ነው። እናቴ ቂመኛ እያለች ትሰድበኛለች፤ ይኸው! ቂም በሆዴ ቢኖር እዚህ ላይ አይታይም ነበር?

አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ጎህ ሲቀድ መስመሩ ሽቅብ ይወጣና ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ዳገት እንደሮጠ ሰው። እኔ በዚያ ሰዓት አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣራ ነው የማየው። ወዲያው ገባኝ፤ ማሰሪያው ነው። ጨዋው እኔ የመረጥኩትን ማሰሪያ ትቶ በዚህ በሚላላ ላስቲክ አስለውጦታል፤ ሲላላ ውሸት ይመዘግባል። የሱን ግን አጥብቆ ነው የሚያስረው፤ የሱ እውነት ነው። ይህንንም ከበደሉ ጋር ጨመርኩት።

እሑድ

ከገበያ ስንመለስ እናቴ ደረጃው መሀል ቆማ ጠበቀችኝ። በዕድሜዋ ቢሆን እጇን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?»

«ዕቃው ከብዶ ነው።»

«ዕቃው በኔ እጅ ነው ያለው።»

እውነቷን ነበር። ቤት ገብተን ጫማዋን እያወለቀች ቀጠለች። «ስለዚያ ልጅ ማሰቡን ተይ። አለቃሽ ብቻ አይደለም፣ ልጄ ነው አሁን። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ።»

«እኔ ምን ጸሎት ጸለይኩ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና መስኮቱን ልትከፍት ሄደች።

ምን ታውቃለች? ምንም አታውቅም። እናቶች ሁሉን የሚያውቁ መምሰል ይወዳሉ።

ማክሰኞ

ቀይ። ታይቷል። ቀይ። ታይቷል። ዛሬ እጄ ከዚያች ቁልፍ ላይ አልተነሣም። ሊገድለው ነው እንዴ? ነገ እነግራታለሁ።

ረቡዕ

ነገ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ የሆነውን ለማንም ብነግረው አያምነኝም። ጨዋው በእግሩ መጋዘን ድረስ መጣ። የካርቶኑን ክምር በእጁ ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«እንዴት ነው ክፍሉ? ተመቸዎት?»

«በጣም።»

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር። የምርቃቱ ቀን እንግዶቹ ፊት የራሴን ልብ በትልቁ ስክሪን ላሳይ አስቤያለሁ። እንዲህ ቆሜ እያወራሁ፣ ከኋላዬ መስመሩ ይታይ። አምባሩን ራሱ የሚያምነው ሰው አጥልቆት ቢያዩ ያምናሉ ብዬ ነው። የሚያወጡልኝ እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም።»

በገዛ አፉ ጠየቀኝ! እኔ አልጠራሁት፣ እኔ አልገፋሁት። «ደስ ይለኛል» አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ለሐኪሟ የምነግርበት ምክንያት አይታየኝም። እዚያው ታየዋለች። በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ በግድግዳ ሙሉ። ያደነቆረው ደወል ጉድ በእንግዶቹ ፊት ይዘረገፋል፣ እሱም በጊዜ ሐኪም እጅ ይገባል። እንዲያውም ማዳኔ ነው። ማን ክፉ ይለኛል? ማንም።

ግን ለምን ይሆን ደጋግሜ የምጠይቀው?

ቅዳሜ ማታ

እህቴ ለምርቃቱ የምትለብሰውን ቀሚስ ይዛ መጣች። አረንጓዴ ነው፤ ከወገቡ ትንሽ ይሰፋታልና መርፌ ያዝኩላት። ወንበር ላይ አቁሜያት ጫፉን እየሰፋሁ ሳለ ከላይ ሆና ተናገረችኝ።

«እትዬ፣ በኛ ነገር ተቀይመሻል አይደል?»

«አርፈሽ ቁሚ፣ ትወጊያለሽ።»

«እሱም ከፍቶታል እኮ። ቤት ሲገባ ስላንቺ ነው የሚያወራው። ፊቷን እንዴት አድርጌ ልየው፣ አንቺ ማለት አፈርኩ ይላል።»

ክሩ ተበጠሰ። በጥርሴ ቆርጬ ሌላ አስገባሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ማፈሩን ልብ ብዬ ብሰማው ኖሮ ምን አደርግ ነበር? አልሰማሁትም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። ቀስ ብላ፣ ትንሽ ሆና መብራት አታጥፊብኝ ስትለኝ በነበረው ድምፅ።

«አባቱ በልብ ነው ድንገት የሞቱት፣ ታውቂያለሽ። አንዳንዴ ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። አንቺ ነሽ ልቡን የምታይው። ደህና ነው አይደል?»

ጉልበቷ ሥር ተንበርክኬ ነበር፤ ፊቴን አላየችም።

«ደህና ነው» አልኳት።

«ሙች በይ።»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ!»

ጮኽኩባት። ዓሣው ተገለበጠ። መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ፤ ደሙ አረንጓዴው ላይ እንዳይነካ እጄን አፌ ውስጥ ከተትኩ። እሷ ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝና «አንቺ ካለሽ አምናለሁ» አለች።

አሁን ይህን ስጽፍ ማልቀሴ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሱ ጥፋት ነው። እዚያች ክፍል ውስጥ ያስቀመጠኝ እሱ ነው፣ ደወሉን ያደነቆረው እሱ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ እንጂ ምን አደረግሁ? ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው ሐኪሟ ጋ መደወል ነው።

ሰኞ

ሐኪሟ ራሷ መጣች። «ቀይ አለ?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ጨዋው በኮሪደሩ ሲያልፍ አዲሱን ኃላፊ ትከሻውን አቅፎ ሲስቅ ሰማሁት። «ድሮ እኮ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ነበር የሚጮኸው» አለው። ያ የኔ ደወል ነው። የኔ።

«የለም» አልኩ።

ነገ ምርቃቱ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት

ልሄድ ነው። ግራ ክንዴ ደንዝዟል፣ ተኝቼበት ይሆናል። እናቴ ቁርስ ብዪ አለች፣ አልበላም። በሩ ላይ «ቅሪ» አለችኝ። ዛሬ ብቀር ሞቼ ልገኝ።

ሐኪም ቤት፣ ቀኑን እንጃ

ደብተሩን እናቴ ናት ያመጣችልኝ። አላነበበችውም። ያነበበች ብትሆን አታመጣልኝም ነበር፣ ወይም ለዚያ ይሆናል ያመጣችው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ወንበር ላይ እህቴ በአረንጓዴ ቀሚሷ፣ አጠገቧ ሐኪሟ፣ ዳር ላይ እኔ፣ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ። ጨዋው መድረክ ላይ ቆሞ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ሲያወራ ቆየና «አሁን ልቤን አሳያችኋለሁ» አለ። ወደ እኔ አየ። ተጫንኩት።

መስመሩ በግድግዳው ሙሉ ወጣ። ይሮጣል፣ ይስታል፣ ይዘላል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶት ስለነበር አላየውም፤ እያወራ ቀጠለ። ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ። እህቴ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ጣፈጠኝ። ለዚህ ነበር የጠበቅሁት። ልቤ በደስታ መታ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ባሰ።

ሐኪሟ ሮጣ መድረክ ላይ ወጣች፣ አንጓውን ያዘች፣ ሰዓቷን አየች። ከዚያ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ግድግዳውን አየች። ማይኩ ክፍት ነበር።

«ያንተ ደህና ነው» አለች፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። «ይሄ የማን ነው?»

የማን ነው? ሁለቱ አምባሮች ጎን ለጎን ተጋድመው ታዩኝ። እሱ ቆሞ ሲያወራ፣ ጣቶቼ ሲንቀጠቀጡ፣ ቁጥር ስጽፍ። ደረቴ ውስጥ ዓሣው ተገለበጠ፤ ግድግዳው ላይ ተገለበጠ። ብድግ አልኩ፣ መስመሩ ዘለለ። ኮምፒውተሩ ከጭኔ ወደቀ። ነገሩ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድሞ የገባው ለጨዋው ነው። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። ከመድረኩ ዘሎ ሲወርድ አየሁት።

«እትዬ!» አለ።

ጨዋው ጮኸ። አምባሬ እስከ መጨረሻው አልጮኸም።

ሐሙስ፣ ሐኪም ቤት

ሕመሙ ከጀመረኝ ቆይቷል አሉ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አሉ። የቀረውን አልነገሩኝም።

ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መስዬ የሰማሁት ይህ ነው። ሐኪማችን አልጋዬ ሥር ቆማ በዝግታ ትናገራለች፤ እሷ በዝግታ ስትናገር ነው የሚያስፈራው።

«ስንት ጊዜ ቀይ እንደበራ አየሁት። እያንዳንዱ ላይ ታይቷል ተብሎ ተጭኗል። ስሙ የማንም ይሁን የማን፣ ሰው እየሞተ ነበር። ማነው የተጫነው?»

እህቴ «ምን ማለት ነው የተጫነው?» አለች።

ዓይኔን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም።

«እኔ ነኝ» አለ ጨዋው። «በኔ ስም ቀይ ሲበራ አሳየችኝ። ከምርቃቱ በፊት ወሬ እንዳይወጣ ዝም በዪ፣ አጥፊው ብዬ አዘዝኳት።»

በጥፊ የመምታት ድምፅ ሰማሁ። እህቴ ናት። በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ቤት

ሐኪማችን ሥራዋን ለቀቀች። በኔ ምክንያት ሳይሆን በሱ ምክንያት ነው የለቀቀችው፣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጨዋው የሚለው ጠፋ አሉ፤ አሁን ሌላ ስም አውጥተውለታል። እህቴ አታናግረውም፤ ልብሷን ይዛ እናቴ ክፍል ነው የምታድረው። ምርቃቱም እንደተቋረጠ ቀርቷል።

ያቀድኩት ሁሉ ሆኗል። በሰው ፊት ወድቋል፣ ደወሉን ማደንቆሩ ጉድ ሆኖ ወጥቷል፣ ፈገግታው ጠፍቷል። ታዲያ ለምን አልጣፈጠኝም? ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

የማልምረው ይህን ነው። ሻረኝ፤ እሺ። ደወሌን አደነቆረው፤ እሺ። ግን ቂሜን በምን መብቱ ነው የሚወስድብኝ? እሱን ብቻ ነበር የቀረኝ። አሁን ልጠላው ስነሣ ያ «እኔ ነኝ» ያለው ድምፁ ይመጣብኛል። ይህን በቀል ማን አስተማረው?

እሑድ

ዛሬ መጣ። እናቴ አስገባችው። እህቴ እሱን ስታይ ወደ ኩሽና ገባች።

አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ፣ ከኪሱ አምባር አወጣ። ማሰሪያው የድሮው ነው፣ የኔ ማሰሪያ። እጅሽን ስጪኝ ሳይለኝ ሰጠሁት። አሰረልኝ፣ እንዳይቆነጥጠኝ በጣቱ ሥሩን እየለካ።

«ደወሉን አንቺ ወዳደረግሽው መልሼዋለሁ» አለ። «በትንሽ በትልቁ ይጮኻል እንግዲህ። ትችይዋለሽ።»

አንቺ አለኝ። ጣራውን አየሁ።

«ለምን እንደዚያ አልክ?» አልኩት።

«እንዴት?»

«ታውቃለህ።»

ጫማውን ሲያይ ቆየ። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል፤ ድሮም ነበር ወይ? ከዚያ ሳያየኝ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ጠየቀኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ ለማንም አልናገርም። ታይቷል የሚለውን ስትጫኚ… ልቡ እንዲህ የሆነው ማን መስሎሽ ነበር?»

አፌን ዘጋሁ። ምንም አልልም፣ ብሞት አልልም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

አምባሩ ጮኸ።

ጮኸ፣ ጮኸ። በሌላው እጄ ሸፈንኩት፤ ከመዳፌ ሥር ጮኸ። እሱ አንገቱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ። «እሺ» አለ። ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዬ ሳብ አድርጎልኝ ተነሣ።

እህቴ ደወሉን ሰምታ ከኩሽና ሻይ እንደያዘች ሮጣ ገባች። እሱን እንደ ወንበር ዞራ አለፈችው። «ምነው? ምን ሆነሽ ነው? ምን ብሎሽ ነው የሚጮኸው?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ጥላቻ የኔ ነበር፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት።

እሱ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

«አንተም ቁም» አልኩት። ለእሷ «ተቀመጪ» አልኳት።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ። ተቀመጪ።»